ከሰገነቱ ሥር የቆመው ሰው

ብፅዓት ወንድይራድን ፍርሃትና ፍቅር በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቦታ ነው የያዟት። ቦታው ግን ልቧ አልነበረም፤ ተረከዟ ነው።

የጥቅምት ቅዳሜ ነበር። ለንደን ውስጥ፣ ከስቶክዌል ባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ በእግር በሚያስኬደው አሮጌ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሰገነቱ ላይ ብቻዋን ቆማ ከበሮ ትለማመዳለች። ሕንፃውን የእኛዎቹ ምእመናን ከተከራዩት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት ከትምህርት ቤት አዳራሽ ወደ ስፖርት አዳራሽ ሲንከራተቱ አሥራ አምስት ዓመት ፈጅተዋል፤ የቅርጫት ኳስ መረብ ሥር የቆረቡ ሰዎች ናቸው። ውሉን የፈረሙት የብፅዓት አባት አቶ ወንድይራድ፣ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር፣ ቁልፉን የተቀበሉ ዕለት እንደ ሕፃን አልቅሰዋል።

ብፅዓት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ትነዳለች። እግሯ ማሽን ያውቃል። ፍሬን ሊያልቅ ሲል ከመካኒኩ ቀድሞ የሚሰማው የእሷ ተረከዝ ነው። ያን ቀንም ከበሮውን ጠበቅ አድርጋ እየመታች በቀኝ እግሯ ስትረግጥ፣ ወለሉ መለሰላት። ዝቅ አለና ተመለሰ። የጣት ውፍረት እንኳ አይሆንም።

ደግማ ረገጠች። አሁንም ዝቅ አለ።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ አትርገጪ!» አለ አንድ ድምፅ ከእግሯ ሥር፣ በጠራ አማርኛ።

ብፅዓት ጮኸች። የፈረንጅ መቃብር በሞላው ግቢ፣ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከወለል በታች አማርኛ የሚናገር ነገር ምን ሊሆን ነው? ሦስት ጊዜ አማትባ በመከታው በኩል ቁልቁል አየች። ቢጫ የራስ ቆብ ያደረገ ወጣት፣ ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ ባትሪ ይዞ ሽቅብ ያያታል።

«ሰው ነህ?» አለችው።

«እስካሁን ነበርኩ። ሌላ ሁለቴ ብትረግጪ ግን እንጃ።»

መከታውን ይዛ ሳቀች።

ሳዶቅ ይባላል። ጥንታዊ ሕንፃዎች የሚጠግን ድርጅት አናጺ ነው፤ የሕንፃው ባለቤቶች የደወል ቤቱን ጣሪያ እንዲጠግን ልከውታል። ከበሮ ሲሰማ ሥራውን ትቶ ወረደ፤ ከሰገነቱ ሥር ሲደርስ ከጣሪያው ልስን ዱቄት ሲዘንብ አየ።

«ነይ፣ የሆነ ነገር ላሳይሽ» አላት።

ሰገነቱን ወደተሸከሙት ምሰሶዎች ወሰዳትና በባትሪው አንዱን አበራላት። እንጨቱ ላይ በመሮ የተጫሩ አራት መስመሮች ነበሩ። ከላይ በተጋደመው ተሸካሚ ግንድ ላይም እንዲሁ አራት ጭረት አለ።

«ይኼ ቤት ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ያኔ አናጺዎቹ መጀመሪያ መሬት ላይ ነበር የሚገጣጥሙት። እንዳይጠፋባቸው ቁጥር ይጭሩበታል፣ ከዛ ፈታትተው ወደ ላይ ያወጡታል። ባለ አራት ጭረት ግንድ የሚገባው ባለ አራት ጭረት ምሰሶ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ላይ ትራይ ብታደርጊው እንቢ ይላል።»

ብፅዓት ጣቷን በጭረቶቹ ላይ አስኬደች። ሁልጊዜ እሁድ ታልፋቸው ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አላየቻቸውም።

«ሰገነቱ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር?»

«አገልጋዮችና የድሃ ልጆች። ስብከት ተቀምጠው ለመስማት ነው የተሠራው።» ባትሪውን ወደ ሰሜናዊው ጥግ አዞረ። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጀርባ ያለው መንገድ ላይ ቦምብ ወደቀ። መስኮቱ ረገፈ፣ አሸንዳው ተሰነጠቀ። ጊዜው የመከራ ነው፣ ማን ያየዋል? ዝናቡ ለዓመታት በግድግዳው ውስጥ ወረደ። ኋላ ለሰኑት፣ ቀለም ቀቡት፣ አማረ። የግንዱ ጫፍ ግን ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው። ከልስኑ ኋላ ምን እንዳለ ጌታ ነው የሚያውቀው።»

«ጌታ» ያለበት አኳኋን ለብፅዓት በቂ ነበር። የእኛ ሰው «እግዜር ይወቀው» ይላል። ጴንጤ ነው ብላ ደመደመች፤ ተረከዟ ላይ የነበረው ፍርሃት አንድ እርከን ወደ ላይ ወጣ። ምክንያቱም ሳዶቅ ሲናገር ባትሪውን እንጂ እሷን አላየም ነበር፤ አሁን ግን አያት፤ እሷም ዓይኗን ለመስበር ከሚገባው በላይ ዘገየች።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባል የለ፣ የቀጣዮቹ ቅዳሜዎችም እንደዚያው ወሰዷት። እሷ ለልምምድ ከሰዓቷ ቀድማ ትመጣለች፤ እሱ ጣሪያውን ከሰዓቱ አዘግይቶ ይጨርሳል። ደጃፉ ላይ ባለው የድንጋይ ደረጃ በወረቀት ኩባያ ሻይ ይጠጣሉ። ሳዶቅ ለንደን የመጣው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አማርኛው ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አላደገም፤ ሲናደድ ብቻ እንደ ሽማግሌ ይናገራል። አባቱ ፓስተር ጊዲዮን ቶተንሃም ባለ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ይህን የነገራት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

«ገምቼ ነበር» አለችው።

«ከምኔ?»

«ከ‹ጌታ›ህ።»

ሳቀና ባዶ ኩባያውን አጣጠፈ። ሁለቱም ስለ አቶ ወንድይራድ እያሰቡ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የምትነዳው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ሾፌርን ማነጋገር ክልክል ነውና ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቃል ሳይናገር ሄደ፤ ከዚያ ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ተመልሶ ተሳፈረ። ብፅዓት በመስተዋቱ ታየዋለች። ሁለት ቀይ መብራት ሊያመልጣት ነበር። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና፣ አንድ ሰው ምንም ሳይነካት እንዲህ ካስፈራት ቢነካት ምን ሊውጣት እንደሆነ አሰበች።

ወለሉን ግን አልረሳችውም። በየእሁዱ መዘምራኑ ሽብሸባ ሲጀምሩ፣ ስልሳ ጥንድ እግር በአንድ ምት ሲያርፍ፣ ሰሜናዊው ጥግ ዝቅ ይልና ይመለሳል። ቀድሞ ጣት የማይሞላው አሁን ጣት ሞላ። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ሰገነቱ ይዘጋል፤ ሰገነቱ ከተዘጋ ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ ተመልሰው ወደ ቅርጫት ኳሱ መረብ። አባቷ ደግሞ ሁለተኛ የሚያለቅሱት በደስታ አይሆንም።

ለኅዳር ጽዮን በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳዶቅ ራሱ አቶ ወንድይራድን ሊያነጋግር መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር። ብፅዓት መጋረጃ እያጠፈች በአጠገባቸው ነበረች።

«ጋሼ፣ ሰሜናዊው ጥግ ላይ ትንሽ ልስን ከፍቼ ግንዱን ልየው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

«የማን ልጅ ነህ አንተ ጎበዝ?» አሉ አቶ ወንድይራድ።

«የፓስተር ጊዲዮን።»

የአቶ ወንድይራድ ፊት ተዘጋ። «አሃ። እናንተ ለታቦት ማደሪያ ማሰብ የጀመራችሁት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ለሰው ነው ያሰብኩት፣ ጋሼ። ሰው ይረግጥበታል።»

«ባለሙያ መጥቶ አይቶታል። ስንት ሰው ይቀመጣል ብሎ ጠየቀ፤ ሰማንያ አልነው። ይችላል ብሎ ፈርሞ ሄደ። ወረቀቱ ቢሮዬ አለ።»

«ባለሙያው የመጣው መቼ ነው? ባዶ ቀን አይደለም? እኛም ጋ እኮ ይዘለላል፤ አውቀዋለሁ። ሰማንያ ሰው ሲቀመጥ ሌላ ነው፣ በከበሮ አንድ ላይ ሲረግጥ ሌላ ነው። ይቀመጣሉ ወይስ ያሸበሽባሉ?»

አቶ ወንድይራድ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ብፅዓት፣ ንገሪው። ይቀመጣሉ አይደል?»

ብፅዓት የሁለቱንም ዓይን አየች።

«ይቀመጣሉ» አለች።

ሳዶቅ አንድ ጊዜ ብቻ አያትና ቆቡን አጥልቆ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ከባድ የእንጨት በር ከኋላው ተዘጋ። የዚያን ዕለት ማታ አጭር መልእክት ላከላት፦ «ለባለቤቶቹ ጽፌያለሁ። ሰው የሚልኩት ከበዓሉ በኋላ ነው። እስከዚያ አንቺ ቀስ ብለሽ ምቺ። ልለምንሽ የምችለው ይህን ብቻ ነው።»

መልስ ጽፋ አጠፋች። ደግማ ጽፋ አጠፋች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ላይ አልመጣም፤ አውቶቡሷም ላይ አልታየም።

በዓሉ በአዘቦት ቀን ቢውልም የለንደን ንግሥ እሁድ ነው፤ ታቦቱም የአሠሪን ፈቃድ ይጠብቃል። የዚያን እሁድ ከሼፈርድስ ቡሽም ከቶተንሃምም ሰው ጎረፈ። ከታች ቦታ ጠፍቶ እንግዶች ወደ ሰገነቱ ወጡ። ብፅዓት ቆጠረች። መቶ ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ፈርታ ተወችው።

«ምን ሆነሻል? ላብ አጥምቆሽ የለም እንዴ?» አለቻት ከጎኗ የቆመችው ዘማሪ ፋና።

«ምንም። ሞቆኝ ነው።» ውጭው ኅዳር ነው፤ ዝናብ ይዘንባል።

ዝማሬው በዝግታ ተጀመረ። እሷም በዝግታ መታች። ሕዝቡ ግን የከበሮውን ትዕግሥት የሚጠብቅ አልነበረም፤ ጭብጨባው ቀደማት፣ እልልታው ገፋት፣ እጇ ሳታዝዘው ፈጠነ። መቶ ሰው በአንድ እግር አረፈ። ወለሉ ዝቅ አለ። ተመለሰ። ዝቅ አለ። የሚመለስበት ጊዜ ረዘመ።

በመከታው በኩል ቁልቁል አየች። ከሰሜናዊው ጥግ ቀጭን ነጭ ዱቄት እየወረደ ነው። ከሥሩ ግን ሴቶቹም ልጆቹም አልነበሩም። በዚያ ሁሉ መጨናነቅ መሐል የአንድ ክፍል ስፋት ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ አራት ወንበሮችን አንድ ሰው ወደ ጎን ገፍቷቸዋል። ባዶው መሐል ላይ ሳዶቅ ቆሟል። ጫማውን እንደ ሥርዓቱ አውልቆ በካልሲው። አንድ አሮጊት ሊያልፉ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ሌላ በኩል መራቸው፤ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዱቄቱ ትከሻው ላይ ይወርዳል።

ሽቅብ አያት። ራሱንም አላነቃነቀ፣ በእጁም ምልክት አልሰጣት። ብቻ ቆመ።

ብፅዓት በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ፈርታ አታውቅም። የፈሩት ይደርሳል። ከተናደ የሚናደው በእሱ ላይ ነው፤ የምትንደውም እሷ ናት፣ በገዛ እጇ፣ በገዛ ከበሮዋ።

እጇ ቆመ።

ጭብጨባው ሁለት ምት ያህል ብቻውን ሄደና ተደናቅፎ ጠፋ። ከታች ከበሮ የያዙት ዲያቆናትም ቆሙ። ከሦስት መቶ ሰው በላይ ወደ ሰገነቱ አንጋጠጠ።

«ተቀመጡ!» አለች። ድምፁ የእሷ አልመስል አላት፤ የመስመር ሾፌር ድምፅ ነበር፤ መንገደኛ ማስወረድ በሥልጠና ተምራለች። «ማንም አይሩጥ። ወለሉ እየለቀቀ ነው። ከኋላ ረድፍ ጀምራችሁ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ፋና፣ አንቺ መጀመሪያ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ።»

«ብፅዓት!» አሉ አባቷ ከታች፣ ከመጋረጃው ፊት። «ምን ማድረግሽ ነው በንግሥ ቀን?»

«አባዬ፣ አንቀመጥም» አለች፣ እያለቀሰች። «አንድም ቀን ተቀምጠን አናውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ እስኪወርድ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሾፌር መጨረሻ ነው የሚወርደውና እሷም መጨረሻ ወረደች። የደብሩ አስተዳዳሪ ቀሲስ ኪዳነወልድ «ዝማሬው ከታች ይቀጥላል፣ ማርያም መሬት ላይም ትሰማለች» አሉ። ስትፈልገው ሳዶቅ ሄዷል። ጥጉ ላይ የነጭ ዱቄት ክምርና የሁለት እግር ካልሲ አሻራ ቀርቷል።

ሰገነቱም አልወደቀም። ለብፅዓት ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ሲደወል ትደነግጣለች። በዓል አበላሸች ተባለ፤ ጴንጤ አስቷት ነው ተባለ። አባቷ አላናገሯትም። ደግሞ ግንዱ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝስ? ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሚያነሣው ውርደት ለከንቱ ከሆነስ? በሌሊት ብንን ብላ እየነቃች ተረከዟን መኝታ ቤቷ ወለል ላይ አስጠግታ ታዳምጥ ጀመር።

ሐሙስ ዕለት ባለቤቶቹ ፈቀዱና ጥጉ ተከፈተ። አቶ ወንድይራድ በዓይኔ ካላየሁ ብለው መጡ፤ ብፅዓትም የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ተከተለቻቸው። ሳዶቅ ልስኑን በመዶሻ ቀስ እያለ አነሣ። ከቀለሙና ከልስኑ ኋላ ግንዱ ታየ፤ አራቱ ጭረቶችም ነበሩበት። ጥቁር ነው፤ ግን ጠንካራ ይመስላል።

«ይኸው ደህና አይደል እንዴ!» አሉ አቶ ወንድይራድ።

ሳዶቅ ከመሰላሉ ወርዶ ካቻቪቴ ሰጣቸው። «ራስዎ ይዩት፣ ጋሼ።»

በስድሳ ስምንት ዓመታቸው መሰላሉን ወጡ። ካቻቪቴውን ገፋ አደረጉት። እስከ እጀታው ገባ። ሲያወጡት የረጠበ በሶ የመሰለ ነገር ተከትሎት ተዘረገፈ። እጃቸውን ሰደዱ፤ እጃቸውም ገባ። ግድግዳውን የነካ እንጨት አልነበረም፤ ሰገነቱ በዚያ ጥግ የቆመው በልስንና በልማድ ብቻ ነው።

ከዚያ መውረድ አቃታቸው። እርከኑን በእግራቸው ፈልገው አጡት።

«ጋሼ፣ ቀኝ እግርዎን ዝቅ ያድርጉ» አለ ሳዶቅ ከሥራቸው። «እርከኑ አለ። አሁን ግራውን። አይፍሩ፣ ይዤዎታለሁ።»

መሬት ሲደርሱም ክንዱን አልለቀቁትም።

«እዚህ ሥር ቆመህ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«ይህን እያወቅህ?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም። ሰው እንዳይቆምበት ብዬ ነው።»

«ጫማህን ማን አስወለቀህ?»

ሳዶቅ ተገረመ። «የእናንተ ቤት ነው፤ የእናንተ ሥርዓት ነው።»

አቶ ወንድይራድ ልጃቸውን አዩ። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት። «ያስዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አሏትና ለብቻቸው ሊሆኑ ወደ መጋረጃው ሄዱ።

ብፅዓትና ሳዶቅ ከአራት ጭረቱ ምሰሶ አጠገብ ቀሩ። ሁለቱም ወለሉን ያያሉ።

«ለምን አልነገርሽም?» አላት።

«ፈራሁ።»

«እኔም እኮ ፈርቼ ነበር።»

«አንተ ግን ቆምክ።»

«ቆሜም ፈርቼ ነበር። ግን አንቺ ከላይ ነሽ፣ ወዴት ልሂድ?»

እጁን ያዘችው። አቧራና ላብ ነበረበት። በዚያች ቅጽበት እንኳ ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ብቻ ስለ ወለሉ መሆኑ ቀረ።

ውሉ እንደተፈራው አልፈረሰም። ባለቤቶቹ ሰገነቱን እስከ ፋሲካ ዘጉት፤ መዘምራኑ ከታች ቆመው ዘመሩ፤ ሳዶቅ አዲስ የዋርካ ያህል የከበደ ግንድ አስገብቶ፣ በመሮ አራት ጭረት ጫረበት። ከሥሩም የብረት ድጋፍ ተጨመረ፤ ባለሙያውም በዚህ ጊዜ እሁድ መጥቶ፣ መዘምራኑ እያሸበሸቡ ለካ። በየሳምንቱ ሐሙስም ሳዶቅ ከቀሲስ ኪዳነወልድ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ሃይማኖት ይከራከር ጀመር። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ ፓስተር ጊዲዮንም በዚያ ነገር ደስተኛ አይደሉም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሁድ ከሰዓት፣ ሦስት ሽማግሌዎች እነ አቶ ወንድይራድ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩበትን ቤት በር አንኳኩ። ሁለቱ ከሼፈርድስ ቡሽ፣ አንዱ ከቶተንሃም ናቸው። ወንበር ተዘርግቶላቸው ሳለ አልተቀመጡም፤ እንደ ወጉ በተርታ ቆሙ።

«ልጅዎን ለልጃችን ለሳዶቅ ብለን መጥተናል» አሉ ታላቅየው አቶ ዘርይሁን። «እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

አቶ ወንድይራድ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። የጠሉት ይወርሳል የሚለውን ተረት እያሰቡ ይሆናል። ብፅዓት ወጥ ቤት ከበሩ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች። ሰዓቱ ይቆጥራል። ሽማግሌ ቆሞ የተመለሰበት ቤት ታውቃለች።

«ይህ ወለል» አሉ አባቷ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ «ሳዶቅ አይቶታል?»

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። «ምኑን?» አሉ አቶ ዘርይሁን።

ልጅ በሽማግሌ ፊት ጣልቃ አይገባም፤ ብፅዓት ግን አንድ ጊዜ ዝም ብላ የደረሰውን አይታለች።

«አይቶታል፣ አባዬ!» አለች ከበሩ ኋላ። «መደርደሪያውን ሲሠራልን ምንጣፉን ገልጦ አይቶታል። ደህና ነው ብሏል።»

ከዚያ አባቷ ሲስቁ ሰማች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

«እንግዲያስ ተቀመጡ» አሉ።